ዓሣ ያደረበት የሰሊጥ ማሳ

ጎርጎራ ተወልጄ፣ ጎርጎራ ተድሬ፣ የጎርጎራን ልጆች ፊደል አስቆጥሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከጣና ዳር ርቄ ያደርኩት ወይ ለሐዘን ነው ወይ ለሕክምና። ይህኛውም የሐዘን ነው። በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ ወደ መተማ ቆላ የወረድኩት የባለቤቴን የአስማረን መቃብር ለማየት ነበር። በትክክል ለመናገር ግን መቃብሩ የእርሱ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ነበር።

አስማረ የትራክተር ኦፕሬተር ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ከኮኪት ወዲያ፣ በጓንግ ወንዝ አጠገብ ባለ የሰሊጥ እርሻ ይሠራል። ባለፈው ክረምት ከባድ ወጀብ መጣና ወንዙ ከአልጋው ወጣ። አስማረና ጌታሁን የሚባል የላስታ ሰው የውሃ መሳቢያውን ሞተር እናድን ብለው ወደ ዳር ወረዱ፤ ሁለቱም አልተመለሱም። ውሃው ሲጎድል አንድ አስከሬን ተገኘ። ፊቱ የሚለይ አልነበረም። እዚያው ቀበሩት። በዚያን ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር እኔ አልደረስኩም፤ ድንኳን ተክዬ፣ ያለ አስከሬን አለቀስኩ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ የአስማረ ታናሽ ወንድም መልኬ መጣና፣ «ወንድሜ በሰው አገር አይቀርም። አጥንቱን አምጥተን እናታችን አጠገብ እናሳርፈዋለን» አለኝ። አስማረ በወጣትነቱ የግራ እጁን ትንሿን ጣት የሞተር ቺንጊያ ቆርጦበታል። መቃብሩ ቢከፈት በዚያ ይለያል ባይ ነው መልኬ። እኔ ግን ቀድሜ ልሂድ፣ ከቀበሩት ሰዎች አፍ ልስማና እደውልልሃለሁ ብዬው ተነሳሁ።

ሰኞ

ከጎርጎራ እስከ አዘዞ በሚኒባስ፣ ከአዘዞ ወደ ገንዳ ውሃ በአውቶቡስ ነው የሄድኩት። አይከል ስንደርስ ብርድ ነበር፤ ጉም መንገዱን ስለሸፈነው ሾፌሩ በቀን መብራት አብርቶ ነው ያለፈው። ለሐዘን የሰፋሁትን ጥቁር የሱፍ ካፖርት ለብሼ ስለነበር በውስጤ ደግ አደረግኩ አልኩ። ከአይከል ወዲያ መንገዱ መውረድ ሲጀምር ግን አየሩ እንደ ማድቤት ሆነ። አጠገቤ የተቀመጠው መዶሻ የመሰለ ክንድ ያለው የጎጃም ሰው ከእግሩ ሥር መቆፈሪያውን አጋድሞ ሲያየኝ ቆይቶ፣

«እትዬ፣ ይህን ካፖርት እንደለበሱ መተማ ከገቡ ላብዎ እንደ ሰሊጥ ዘይት ነው የሚወጣው» አለኝ።

«ሐዘን ላይ ነኝ ልጄ» አልኩት።

ደነገጠ። «ይቅርታ እትዬ። እግዜር ያጽናዎ።» ቀጥሎ ደግሞ፣ «ሐዘኑ ይቆይ፣ ካፖርቱን ግን ያውልቁት» አለ። አወለቅኩት። ስንታየሁ ይባላል፤ በቆላ ሳሉግ የሚሉት ዓይነት ነው፣ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ። የሚሄድበትን እርሻ ስጠይቀው አስማረ ይሠራበት ወደነበረው ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚወርደው። ከዚያ በኋላ ሻንጣዬን እኔ አልተሸከምኩም።

ገንዳ ውሃ አንዲት ሴት ቤት አልጋ ያዝኩ። ክፍሉ እንደ ምጣድ ይተኩሳል፤ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያውም ቆሟል። በእኛ አገር ሰው ማታ በሩን ይዘጋል፣ ስንጥቁን በጨርቅ ይወትፋል። እዚህ ሰው አልጋውን ደጅ ያወጣል። የቤቱ ባለቤት እኔ ሳልጠይቃት በገመድ የተጠለፈ አልጋ ግቢው መሃል አውጥታ አጎበር ዘረጋችልኝና፣ «እዚህ ይተኙ። እኔ እዚያ ነኝ፣ ውሻውም አለ» አለችኝ። ሰማይ ሥር ተኝቼ አላውቅም ነበር። አስማረ እየሳቀ «ቆላ ጣሪያ የለውም» ሲለኝ ቤት ያጣ መስሎኝ አዝንለት ነበር።

ማክሰኞ

ኮኪት በጠዋት ገባን። የጭነት መኪናና የሰው ብዛት ነው፤ ሁሉም ላብ በላብ ሆኖ ይጮኻል፣ ግን የተጣላ የለም። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ዋልካ ጭቃ ስለሆነ ሚኒባስ አይገባም። የትራክተር ተጎታች ላይ ከዘይት በርሜልና ከማዳበሪያ ጆንያ ጋር ወጣን። ግማሽ መንገድ ላይ ትራክተሩ ራሱ ተቀረቀረና ውረዱ ተባልን። ወርጄ እግሬን ሳነሳ ጫማዬ አልተነሳም። ስንታየሁ ክንዱን እስከ ብብቱ ጭቃ ውስጥ ከትቶ ሲፈልግ ቆየ።

«አገኘሁት» አለና የሰው የጎማ ቦት አወጣ። ሌሎቹ ሳሉጎች በሳቅ ፈረሱ።

«ይለኩት እትዬ፣ ምናልባት ይሆንዎታል» አለ አንዱ። እኔም ሳቅሁ። ከአስማረ ሞት ወዲህ ድምፅ አውጥቼ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው ብል አልዋሸሁም። የራሴ ጫማ እዚያው ቀረ።

አስከሬኑን ያገኙት ሐጅ ኢድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው። ከወንዙ ትንሽ ራቅ ባለች ሰፈር ሱቅ አላቸው፤ ሻይ፣ ስኳር፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ለሳሉጎች ማጭድ ይሸጣሉ። በአንድ እግር ጫማ፣ በጭቃ ተለውሼ ደጃቸው ቆምኩ። ማን እንደሆንኩ ሳልናገር ባለቤታቸው ሐዋ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዛ መጥታ እግሬን ልታጥብ ጎንበስ አለች። እኔ እምቢ ስል፣ «ዋልካ እንግዳ አያውቅም፣ እኛ ግን እናውቃለን» ብላ እግሬን ጎተተችው። የራሷን ኮንጎ ጫማም ሰጠችኝ።

ስሜን ስነግራቸው ሐጅ ኢድሪስ ከተቀመጡበት ተነሱ።

«የአስማረ?»

«አዎን።»

«መምጣትሽን ስጠብቅ ቆይቻለሁ።» ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «መጀመሪያ ትብላ» አሏት ሐዋን።

ሐዋ ጾመኛ መሆኔን አልጠየቀችኝም፤ ታውቃለች። ሥጋ ያልነካው አዲስ ድስት ከመደርደሪያ አውርዳ ወይካ ሠራችልኝ። የደረቀ ባሚያ ተወቅጦ በዘይት የሚሠራ ወጥ ነው፣ በማሽላ እንጀራ ይበላል። እንደ ተልባ ይሳባል። እኔ የጎርጎራ ሰው የሽሮ ልጅ ነኝ፤ መጀመሪያ ጉሮሮዬ እምቢ አለ፣ ኋላ ግን ድስቱን ጨረስኩ።

ከበላሁ በኋላ ጠየቅኳቸው። «ሐጂ፣ የግራ እጁን ትንሽ ጣት አይተው ነበር?»

ሐጅ ኢድሪስ አልቸኮሉም። «ልጄ፣ ላስደስትሽ ብዬ አልዋሽም። አላየሁም። ፊቱን ካየሁ በኋላ ሌላውን ለማየት ዓይኔ አልደፈረም። አንገቱ ላይ ማተብ ነበረ፤ የእናንተ ሰው ነው ብዬ ቄሱን አስጠራሁ። ቶሎ ሸፈንነው።»

«ቁመቱስ?»

«ሁለቱም ረጃጅም ነበሩ። ውሃ ውስጥ የቆየ ሰው ደግሞ ልኩ አይታወቅም።» ከዚያ ቀጠሉ። «የጌታሁን ባለቤት በጥር መጥታ ነበር። ከላስታ። እሷም እንዳንቺ ጠየቀችኝ፣ እንዳንቺው መለስኩላት። መቃብሩ ላይ ስታለቅስ ውላ ስትሄድ፣ ያቺኛዋ ከመጣች ንገርልኝ አለችኝ። ‹አልቅሼለታለሁ። ያንቺም ከሆነ ተለቅሶለታል በላት› አለችኝ።»

መልኬ መቃብሩን እንክፈተው ማለቱን አልደበቅኳቸውም።

«መክፈት ትችያለሽ» አሉኝ። «ቄሱም እምቢ አይሉሽም። ከሆነ ትወስጂዋለሽ።»

«ከሆነስ፣ ለእሷ ምን ይቀርላታል?»

«ምንም» አሉ።

«ካልሆነስ?»

«ለአንቺ ምንም።»

ከዚህ በኋላ ልንነጋገር አልቻልንም፤ በስተሱዳን በኩል ያለው ሰማይ ጠቆረና ነፋሱ የሱቁን ቆርቆሮ ማንሳት ጀመረ። የጣና ማዕበል አውቃለሁ፤ ታንኳ ሲገለብጥ አይቻለሁ። ጣና ግን ተቆጥቶም ከዳሩ አይወጣም። እዚህ ዝናቡ ከላይ ብቻ አልመጣም፤ ከጎንም፣ ከሥርም መጣ። የግራሩ ቅርንጫፍ እየተሰበረ ግቢ ውስጥ ወደቀ። ሐዋ ዱቄቱን፣ ሐጅ ስኳሩን፣ እኔ ባትሪ ድንጋዩን እያነሳን ቆጥ ላይ ሰቀልን። ከዚያ ቁጭ ብለን ወንዙን ሰማነው። ጆንያ እንደሚጎተት ዓይነት ድምፅ ነው።

ረቡዕ

ሲነጋ ዝናቡ አቁሟል፣ ውሃውም ወደ አልጋው እየተመለሰ ነበር። ወጥቼ ሳይ የሰሊጡ ማሳ ያበራል። መጀመሪያ ውሃ መሰለኝ። ቀረብ ስል ዓሣ ነው።

ዓሣ የማያስደንቀው ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። አባቴ ዓሣ አስጋሪ ነበር፤ ዓሣ በመረብ፣ በመንጠቆ፣ በታንኳ አይቻለሁ። ዓሣ ሰሊጥ ሥር ተኝቶ ግን አላየሁም። አምባዛው ጢሙን ጭቃ ላይ ዘርግቶ በሆዱ ይሳባል። ጠፍጣፋው ቆሮሶ በጎኑ ወድቆ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የሰሊጡ አበባ ላያቸው ላይ ረግፏል። አንድ ኤሊ ተገልብጣ እግሮቿን ታወናጭፋለች። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከሩቅ ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ። የሚያሳዝነው ጸጥታው ነው፤ ያ ሁሉ ፍጥረት እየሞተ ድምፅ የለውም።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቷል። ቅርጫቱንና ጀሪካኑን ግን ግራር ሥር ትቶታል፤ በእጁ የያዘው በትር ብቻ ነው። ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ እጅ ለእጅ በሚያነካካ ርቀት ተሰለፉ፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው፣ ሐጅ ኢድሪስ መሃል ላይ። እኔም በትር ይዤ ሐዋ አጠገብ ቆምኩ። ቀስ ብለን መሄድ ጀመርን። በበትራቸው ጎርፍ ያመጣውን ጭራሮና ግንድ እያነሱ ሥሩን ያያሉ።

እግሬ ሥር አንድ ቆሮሶ ሲንፈራገጥ አየሁ። ከጎኑ የቀረ ኩሬ አለ። እዚያ ልከተው ጎንበስ ብዬ አነሳሁት።

«እትዬ፣ ይተዉት» አለች ሐዋ።

«በሕይወት አለ እኮ። ውሃው እዚሁ ነው።»

«ያስቀምጡት። መጀመሪያ ሰው ነው። ለዓሣ ጎንበስ ማለት ከጀመርን ሰው ሳናይ እናልፋለን።»

መልሼ ጭቃው ላይ አስቀመጥኩት። እጄ ውስጥ ይተነፍስ ነበር። ከወዲያ በኩል ስንታየሁም አንድ ትልቅ አምባዛ ጉንጩን ይዞ አንስቶ ኖሮ፣

«አንተ ጎጃሜ! ጣለው!» ብለው ጮኹበት።

«ሊያመልጠኝ ነው እኮ!»

«ወዴት ያመልጣል፣ እግር አለው?»

ጣለው። መሄድ ቀጠልን። የሚሰማው ጭቃው ብቻ ነው። ከአንድ ጭራሮ ክምር ሥር ጨርቅ አየሁ፤ በበትሬ ሳነሳው ጆንያ ነው። ሐዋ ክንዴን ይዛኝ አለፍን።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ሁሉም ቆመ። ከወንዶቹ ጫፍ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሰው የለም» አለ። አጠገቡ ያለው ተቀብሎ «ሰው የለም»። እንዲያ እያለ ወደ እኛ መጣ። እያንዳንዱ ስላለፈበት መስመር ነው የሚመሰክረው። ሐጅ ኢድሪስ «ሰው የለም» አሉ። ሐዋ «ሰው የለም» አለችና ወደ እኔ ዞረች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ለእኔ ያ ቃል ሌላ ነገር ነው። ማንም አላጣደፈኝም። በመጨረሻ አልኩት። ከእኔ ወዲያ ያለችው ሴት ተቀበለችኝ፣ ወደ ጫፍ ደረሰ፣ በአንድ ጊዜም ሰው ሁሉ ወደ ቅርጫቱ ሮጠ።

ሐጅ ኢድሪስን ጠጋ ብዬ «ባለፈው ዓመትስ?» አልኳቸው።

«ባለፈው ዓመት መሃል ላይ ተቋረጠ» አሉኝ። «እኔ ጋ ሲደርስ።»

«ዓሣውስ?»

«ማን ይነካዋል? አባ ኮዳ ጠገበ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራና ጫጫታ ነበር። ትንንሾቹን ዓሦች ሴቶቹ በጀሪካን ውሃ እየለቀሙ ወደ ወንዙ ይመልሷቸዋል፤ ለከርሞ ነው ይላሉ። በዚህ እኔም እጄን አስገባሁ፤ ያን ቆሮሶ ፈልጌ ግን አላገኘሁትም። ትልልቆቹን በቅርጫት ሰበሰቡ። ዓሣ ተባርኮ በቢላዋ አይታረድም፤ ስለዚህ እዚህ አገር ክርስቲያንና እስላም ከአንድ ድስት የሚበሉት እርሱን ነው። ዘንድሮ ግን ፍልሰታ ላይ ዋለ። ሳሉጎቹ ክምሩን ከበው ይከራከራሉ።

«በእኛ አገር ዓሣ ሥጋ አይደለም» ይላል ስንታየሁ።

«የእናንተ አገር ሰው ሲርበው በግም ሥጋ አይደለም» አለው አንድ የወሎ ልጅ።

«ሐጂ፣ እስቲ ይፍረዱን» አለ ስንታየሁ።

«እኔ የእናንተን ጾም ልፍታ?» አሉ ሐጅ ኢድሪስ። «ሐዋ ጨው ነስንሳ ታደርቅላችኋለች። ጾሙ ሲፈታ ኑ።»

ዓሣውን ስንዘረጋ ሐዋ አንድ ነገር አጫወተችኝ። ሟቹ የተከፈነበት ነጭ ጨርቅ ሐጅ ከመካ አምጥተው ለራሳቸው መከፈኛ ያስቀመጡት ነበር። በዚያ ቀን ሱቅ ውስጥ ሌላ ነጭ ጨርቅ አልነበረም። «አሁን ቢሞት በምን እንደምጠቀልለው አላውቅም» አለችኝ፣ ሐጅ እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«በስኳር ጆንያ» አሉ ሐጅ ከወዲያ ሆነው።

ሐሙስ

ቤተ ክርስቲያኑ ከሰፈሩ በላይ ባለ ጉብታ ላይ ነው። ስልክ የሚሠራውም እዚያ ብቻ ነው፤ ሰው ሊሳለም ሲመጣ ሊደውልም ይመጣል። ሐጅ ኢድሪስ ሸኙኝና ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

መቃብሩ በድንጋይ የተከበበ ነው፤ ጎርፍ እንዳይበላው በላይኛው በኩል ቦይ ቆፍረውለታል። ቄሱ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «ስሙን ስለማናውቅ ‹አንተ ስሙን የምታውቀው አገልጋይህ› እያልን ነው የምናስበው» አሉኝ። መቆፈሪያ የሚያቀብል ሰው እንዳለም ነገሩኝ። መቃብሩ ይከፈት መባሉን ከሰው ሰምተዋል።

እዚያ ተቀመጥኩ። ስመጣ ማወቅ ብቻ ነበር የምፈልገው። ለአንድ ዓመት ያለቀስኩት ወደ አየር ነው፤ ከድንጋይ ሥር ይህ የእኔ ነው የምለው አንድ ነገር እንዲኖረኝ ፈልጌ ነበር። ግን ትናንት ማሳው ውስጥ በትር ይዤ ስሄድ የማን ሰው እንደምፈልግ የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እንደዚያ ተፈልጎ፣ እንደዚያ ተከፍኖ የተቀበረን ሰው ጣቱን ልቆጥር መክፈት አልቻልኩም። ጣቷ ከሌለች እሰየው፤ ካለች ግን ባዶ እጄን ነኝ። ከሌለች ደግሞ ላስታ ያለችው ሴት ባዶ እጇን ትሆናለች። እሷ ደግሞ የማን እንደሆነ ሳታውቅ የእኔንም አልቅሳልኛለች።

መልኬ ጋ ደወልኩ።

«ጣቱን አይተዋል?» አለኝ፣ ሰላም ሳይለኝ።

«አላዩም።»

«እንግዲያ እንከፍታለን። ነገ እነሳለሁ። ሳጥኑም ተሠርቷል።»

«አትምጣ መልኬ።»

«ምን ማለት ነው?»

«አይከፈትም። እዚሁ ይረፍ። አስማረም ይሁን ጌታሁን፣ እዚሁ።»

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«እዚያ ሙቀት ነው?» አለኝ።

«ነው።»

«ሙቀት ይወድ ነበር» አለና ዘጋው።

ወደ ቅጥሩ ሄጄ ሐጅ ኢድሪስን የጌታሁንን ባለቤት ቁጥር ጠየቅኳቸው። ስልካቸውን አውጥተው ፈልገው ራሳቸው ደወሉና ሰጡኝ።

«አቤት፣ ሐጂ» አለች አንዲት ሴት።

«ሐጂ አይደሉም። የአስማረ ባለቤት ነኝ።»

«ደረስሽ?» አለችኝ። ለብዙ ጊዜ እንደምታውቀኝ።

«ደረስኩ። መልእክትሽን ነግረውኛል።»

«እሺ» አለች። መጠየቅ የፈራችውን አውቄ ቀደምኳት።

«አልከፍተውም። የሁላችን ነው።»

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ሐጅ ኢድሪስ ፊታቸውን ወደ ሰሊጡ አዞሩ።

«የጌታሁን የክርስትና ስም ማን ነው?» አልኳት። «ቄሱ እየጠበቁ ነው።»

«ወልደ ሚካኤል። የአስማረስ?»

«ገብረ ሥላሴ።»

«ገብረ ሥላሴ» አለች፤ እንደገናም፣ ላለመርሳት እንደሚደረገው፣ ቀስ ብላ አለችው።

ቄሱ መስቀላቸውን አንስተው ቆሙ። ስልኩን ሳልዘጋ ይዤው ሄጄ ከድንጋዮቹ አንዱ ላይ አስቀመጥኩት፣ ሁለቱም ስሞች ሲጠሩ እንድትሰማ።